ስሙን የማያውቁትን የሲስተም አፕ ከማጥፋትዎ በፊት

የስልክዎን ሴቲንግ ከፍተው ወደ አፕሊኬሽኖች ዝርዝር ይግቡ፤ ከላይ ጥግ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክተው የሲስተም አፖችም እንዲታዩ ያድርጉ። እርስዎ ያልጫኗቸውና ምን እንደሚሠሩ የማያውቋቸው፣ ብዙ ጊዜ ከመቶ የሚበልጡ ስሞች ይዘረገፋሉ። ሰው እዚህ ዝርዝር ውስጥ የሚገባው ያለ ነገር አይደለም። የሞላው ካርድ ሳይደውልበት ተቆርጦበታል፣ የገዛው የዳታ ፓኬጅ ሳይጠቀምበት አልቋል፣ ሜሞሪው ሞልቷል፣ ወይም ስልኩ ይሰልለኛል ብሎ ሰግቷል። በዚህ መሀል አንድ እንግዳ ስም ዓይኑ ይገባና "ዲሴብል" የሚለውን ይነካል፤ በአማርኛ በተዘጋጀ ስልክ ደግሞ "አሰናክል" ይላል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አንድ ነው፤ የስሙ እንግዳነት የጥፋት ማስረጃ አይሆንም፣ የስሙ ተራነትም የንጽሕና ማስረጃ አይሆንም። አንድን የሲስተም ክፍል ከማጥፋትዎ በፊት ሊመልሱት የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሥራው ምንድን ነው፣ በእሱ ላይ የተደገፈው ማን ነው፣ ጠፍቶ ችግር ቢመጣ ደግሞ መልሼ ላበራው እችላለሁ ወይ?

መጋቢት 13 ቀን 2013 ዓ.ም. በዓለም ዙሪያ በርካታ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ ጂሜይልን ጨምሮ ብዙ አፖች ገና እንደተከፈቱ ይዘጉ ጀመር። ጥፋቱ የአፖቹ አልነበረም። "አንድሮይድ ሲስተም ዌብቪው" የሚባለው የጀርባ ክፍል ብልሽት ያለበት አፕዴት ደርሶት ነበር። ዌብቪው ሌሎች አፖች ብሮውዘር ሳይከፍቱ በራሳቸው ውስጥ የድረ ገጽ ይዘት እንዲያሳዩ የሚያደርግ ክፍል ነው። የራሱ ምልክት በስልኩ ገጽ ላይ የለውም፣ ማንም ነክቶ አይከፍተውም፣ ስሙም ለተራ ተጠቃሚ ምንም አይነግርም። በስም ብቻ ብንፈርድ ከሚጠፉት የመጀመሪያው እሱ ይሆን ነበር። ጉግል ብዙም ሳይቆይ የታረሙ የዌብቪውና የክሮም አፕዴቶችን አውጥቶ ነገሩ ተስተካከለ። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር ሥራ የጀመረው ከዚያ ሰባት ሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የተበላሹት እንደ ኢሜይል ያሉ አፖች ነበሩ፤ ዛሬ ሾላ ገበያ ቅቤና በርበሬ ገዝቶ በስልክ ለሚከፍል ሰው እንዲህ ያለ ክፍል መበላሸቱ ወይም በእጅ መጥፋቱ ሒሳብ ሳይከፍሉ መቆም ማለት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ በአንድሮይድ 7፣ 8 እና 9 ላይ የዌብቪውን ሥራ ክሮም ስለሚሠራ፣ በእነዚህ ስልኮች ዌብቪው ጠፍቶ ቢያገኙት ብልሽት አይደለም። ለማብራት አይታገሉ።

ሁለተኛው ማስረጃ ወደ ሌላው ወገን ያጋድላል፤ ለእኛም ይበልጥ ቅርብ ነው። ነሐሴ 2012 ዓ.ም. አፕስትሪም የተባለው የሞባይል ቴክኖሎጂ ኩባንያና በዝፊድ ኒውስ ባወጡት ምርመራ፣ ቴክኖ ደብሊው 2 በሚባለው ርካሽ ስልክ ላይ "ትሪያዳ" እና "ኤክስ ሄልፐር" የተባሉ ጎጂ ፕሮግራሞች ከሽያጭ በፊት ተጭነው መገኘታቸውን ገለጹ። ሴኪዩር ዲ የሚባለው የአፕስትሪም የማጭበርበር መከላከያ ከ200 ሺህ በላይ ከሆኑ ስልኮች የተነሡ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይቶችን መዝግቦ ነበር። ግብይቶቹ በአመዛኙ የመጡባቸው አገሮች ኢትዮጵያ፣ ካሜሩን፣ ግብፅ፣ ጋና እና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ፕሮግራሞቹ ባለቤቱ ሳያውቅ በጀርባ እየሠሩ የክፍያ አገልግሎቶች ደንበኛ ሊያደርጉት ይሞክሩ ነበር፤ ሒሳቡ የሚወራረደው ካርድ ተሞልቶ ከተቀመጠው ብር ነው። የቴክኖ፣ የአይቴልና የኢንፊኒክስ ባለቤት ትራንሽን ችግሩን ያስገባው በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ የነበረ አንድ አቅራቢ መሆኑን ገልጾ፣ ለሁለቱም ማስተካከያ ማውጣቱን አስታውቋል። ይህንን መጥቀስ ተገቢ ነው፤ ጉዳዩ የአንድ ሞዴል እንጂ የሁሉም ስልኮች አልነበረም። ጉግል ራሱ በ2019 እ.ኤ.አ. ትሪያዳ በውጭ አቅራቢ በኩል በአንዳንድ አምራቾች ስልኮች ውስጥ ገብቶ እንደነበር አረጋግጧል።

ሁለቱን ጉዳዮች ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። ዌብቪው ስሙ እንግዳ ነው፣ ሥራው ግን አስፈላጊ ነው። ኤክስ ሄልፐር በስሙ ረዳት ነው፣ ሥራው ግን ስርቆት። "የማላውቀውን ሁሉ አጠፋለሁ" የሚል ሰው የመጀመሪያውን ያጠፋል፤ "ከስልኩ ጋር የመጣ ከሆነ ችግር የለውም" የሚል ሰው ሁለተኛውን ያሳድራል። ስለዚህ ስም ትተን ሥራ እንመርምር፤ ሥራን ለመመርመር የሚያስፈልገው መረጃ ደግሞ አብዛኛው እዚያው ስልክዎ ውስጥ አለ።

መጀመሪያ ግን ዲሴብል ማድረግ ምን እንደሚሠራ እንወቅ፤ ብዙ ሰው የሚጠብቀውን አይሠራምና። ከፋብሪካ ጋር የመጣ አፕ የሚቀመጠው ተጠቃሚው በማይነካው የስልኩ ክፍል ነው። ዲሴብል ሲያደርጉት መሥራት ያቆማል፣ ከስልኩ ገጽ ይሰወራል፣ አፕዴትም አይቀበልም፤ ዋናው ፋይል ግን ካለበት አይነቃነቅም። የሚለቀቀው ቦታ በኋላ የመጣው አፕዴትና ያጠራቀመው ዳታ የያዘው ብቻ ነው። ሜሞሪ ሞላብኝ ብለው ወደ ሲስተም አፖች የሚገቡ ከሆነ እንግዲህ የተሳሳተ ቦታ እየፈለጉ ነው፤ የቴሌግራም ቪዲዮዎችንና የዳውንሎድ ፎልደርን ማጽዳት ከአሥር ሲስተም አፕ የበለጠ ቦታ ይሰጥዎታል። ሌላም ጥንቃቄ አለ። አንዳንድ ስልክ ዲሴብል ሲሉት "አፑን ፋብሪካ በነበረበት ልተካው? ዳታው ሁሉ ይጠፋል" የሚል ጥያቄ ያመጣል። ይህን ጥያቄ ሳያነቡ "ኦኬ" አይበሉ። አፑ የያዘው ማስታወሻ፣ የድምፅ ቅጂ ወይም ሌላ የእርስዎ ነገር ካለ አስቀድመው ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡት። ዲሴብል የተደረገ አፕ ተመልሶ ይበራል፤ የተደመሰሰ ዳታ ግን አይመለስም።

አሁን ወደ ምርመራው። የጠረጠሩትን አፕ ነክተው የመረጃ ገጹን ይክፈቱና አራት ነገር ይዩ። የመጀመሪያው የዳታ ፍጆታ ነው፤ በተለይ በጀርባ የወሰደውን። ስክሪን ሴቨር ወይም የማተሚያ አገልግሎት ነኝ የሚል ክፍል ብዙ ሜጋባይት ከወሰደ መልስ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ፈቃዶቹ ናቸው፤ አጭር መልእክት ማንበብና መላክ፣ መደወል፣ ማይክሮፎን፣ አካባቢ። እዚህ ላይ ፍርድዎ የሚሰላው ፈቃዱን ከሥራው ጋር በማነጻጸር ነው። የመደወያው አፕ የመደወል ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ የእጅ ባትሪ ወይም የጌም መደብር መልእክት የመላክ ፈቃድ ካለው ግን ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ያለፈቃድ የክፍያ አገልግሎት ውስጥ የሚያስገባው አንዱ መንገድ ይኸው ነውና። ሦስተኛው የመጣበት ቦታ ነው፤ ከገጹ ግርጌ ብዙ ጊዜ ከፕሌይ ስቶር መጫኑ ይጻፋል። ዋናው የስልኩ ሲስተም አካል ነኝ እያለ "አንኢንስቶል" የሚል ቁልፍ ያለው ነገር ካገኙ ቆም ብለው ያስቡ፤ አንዳንዱ ከጉግል በአፕዴት የመጣ እውነተኛ ክፍል ነው፣ አንዳንዱ ግን በኋላ የገባ ሆኖ የሲስተምን ስም የለበሰ ነው። አራተኛው ልዩ ፈቃዶች የሚባሉት ናቸው፤ በሌሎች አፖች ላይ መታየት፣ ሌላ አፕ መጫን፣ አክሰሰቢሊቲ እና የስልኩ አስተዳዳሪ መሆን። የአስተዳዳሪነት ፈቃድ የያዘ አፕ ያ ፈቃድ ሳይነሣለት አይራገፍም፤ "አልጠፋ አለኝ" ለሚሉ ብዙ ሰዎች መልሱ እዚህ ነው።

ከዚህ ጋር ሁለት ፈተናዎች ያድርጉ። ፕሌይ ስቶርን ከፍተው በፕሮፋይል ምስልዎ በኩል ወደ ፕሌይ ፕሮቴክት ይግቡና ያስፈትሹ። ቀጥሎ ስልኩን በሴፍ ሞድ ያስነሡት፤ በብዙ ስልክ የማጥፊያው ሜኑ ሲመጣ "ፓወር ኦፍ" የሚለውን ተጭነው ሲቆዩ ይጠይቅዎታል። በሴፍ ሞድ የሚሠሩት ከስልኩ ጋር የመጡት ብቻ ናቸው። ድንገት የሚመጣው ማስታወቂያ በሴፍ ሞድ ከጠፋ፣ ጥፋተኛው እርስዎ ወይም ሌላ ሰው በኋላ የጫነው አፕ ነው፤ የሲስተም ዝርዝሩን መነካካት አያስፈልግዎትም። እዚያም ከቀጠለ ከስልኩ ጋር የመጣ ነገር መሆኑ እየጎላ ይሄዳል። በእኔ ግምት ይህ አንድ ፈተና ከማንኛውም "እነዚህን አጥፉ" ከሚል ዝርዝር ይበልጣል፤ የሚናገረው ስለ ሰው ስልክ ሳይሆን ስለ እርስዎ ስልክ ነውና።

በፍጹም የማይነኩ አሉ። የስልክ፣ የሲም፣ የሴቲንግ፣ የኮንታክት ማከማቻና የዳውንሎድ ማናጀር ክፍሎችን ይተዉ። "ሚዲያ ስቶሬጅ" ከጠፋ ፎቶዎችዎ ሳይደመሰሱ ከጋለሪ ሊሰወሩ ይችላሉ፤ ባለቤቱ ጠፉ ብሎ ደንግጦ ስልኩን ፎርማት ካደረገ ያኔ እውነትም ይጠፋሉ። ኪቦርድ ለየት ያለ ጥንቃቄ ይሻል። ብዙዎቻችን አማርኛ ለመጻፍ ሌላ ኪቦርድ ስለምንጭን ከስልኩ ጋር የመጣው ትርፍ ይመስለናል። ስልክዎ የሚከፈተው በፊደልና ቁጥር ፓስወርድ ከሆነ ግን፣ ጠፍቶ ሲነሣ ገና ሳይከፈት በፊት አንዳንድ በኋላ የተጫነ ኪቦርድ አይሠራም። ከስልኩ ጋር የመጣውን ካጠፉና የጫኑት በዚያ ሰዓት ካልተነሣ፣ የራስዎን ስልክ መክፈቻ መጻፍ ያቅትዎታል። የስልኩን ዋና ገጽ የሚያሳየው ላውንቸርም እንዲሁ ነው፤ ሌላ ሳይተኩ አይጠፋም።

ያለ ስጋት የሚጠፉም አሉ። ከስልክዎ የማያትሙ ከሆነ "ፕሪንት ስፑለር"፣ ስክሪን ሴቨሮች፣ ከስልኩ ጋር የመጡ ጌሞች፣ የአምራቹ ተጨማሪ የአፕ መደብርና የዜና ገጾች፣ የማይከፍቱት የሙዚቃ አፕ። በርካሽ ስልኮች ላይ ማስታወቂያ የሚልኩትም፣ ዳታ የሚበሉትም አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ስለሆኑ ጥቅሙ ወዲያው ይታያል። "ቶክባክ" የሚባለው ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብ ክፍል ለማየት ችግር ላለበት ሰው ሕይወት ነው፤ ስልኩን ሌላ የቤተሰብ አባል የሚጠቀምበት ከሆነ ጠይቀው ያጥፉ። ከካፌ ወይም ከሆቴል ዋይፋይ ጋር ሲገናኙ የመግቢያውን ገጽ የሚያመጣው "ካፕቲቭ ፖርታል ሎጊን" ደግሞ ምንም ቦታ ስለማይይዝ መተዉ ይሻላል።

በመሀል የሚቀሩት አከራካሪዎቹ ናቸው። "ሲም ቱልኪት" ከሲም ካርዱ የሚመጣ ሜኑ ነው። ማጥፋቱ የቀሪ ሒሳብ መጠየቂያውን *804# ወይም የቴሌብርን *127# መደወልን ያስቀራል ብለው የሚፈሩ አሉ፤ እነዚህ ኮዶች የሚሄዱት በስልኩ የመደወያ ሥርዓት እንጂ በዚህ ሜኑ አይደለም። ሲም ቱልኪት ማስታወቂያ ብቻ የሚያመጣብዎ ከሆነ አጥፍተው ሊሞክሩ ይችላሉ፤ የሚጠቀሙበት አገልግሎት በሜኑው ውስጥ ካለ ግን ይቆይ። "አንድሮይድ ሲስተም ሴፍቲኮር" በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በብዙ ስልኮች ላይ ያለ ማስታወቂያ የተጫነ የጉግል ክፍል ነው፤ እርቃን የሚያሳዩ ምስሎችን እዚያው ስልኩ ላይ ለይቶ በጉግል ሜሴጅስ ማስጠንቀቂያ ለመስጠት ያገለግላል። ጉግል ፍተሻው ከስልኩ እንደማይወጣ ገልጿል። ሳይጠይቅ መጫኑ ቅሬታ ማስነሣቱ ተገቢ ነው እላለሁ። ሊራገፍ ወይም ሊጠፋ የሚችል ስለሆነና ሌላው የስልኩ ሥራ በእሱ ላይ ስላልተደገፈ፣ ካልፈለጉት ያጥፉት።

ጠንካራው ተቃውሞ የሚመጣው በ"ጉግል ፕሌይ ሰርቪስስ" ላይ ነው። ከሁሉም በላይ ፈቃድ ያለው፣ ከሁሉም በላይ መረጃ የሚያየው እሱ ከሆነ፣ ሥራን መርምሩ የሚለው መርሕ መጀመሪያ እሱን ማጥፋት የለበትም ወይ? ጥያቄው የማይናቅ ነው፣ ስጋቱም እውነት ነው። ሆኖም የመርሑ ሁለተኛ ግማሽ ማን ተደገፈበት የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ የተደገፈው ሁሉም ነው ለማለት ይቻላል። የመልእክት ማስታወቂያ፣ የአካባቢ መለየት፣ የጉግል አካውንት፣ የጠፋን ስልክ መፈለግ፣ የፕሌይ ፕሮቴክት ፍተሻ ራሱ በእሱ ያልፋሉ። ሌባ ለመከላከል ብሎ ዘበኛውን ማሰናበት ይሆናል። ፈቃዱን መቀነስ ግን ይቻላል፤ የማስታወቂያ መለያ ቁጥርን መሰረዝ፣ የአካባቢ ታሪክን ማጥፋት፣ የማያስፈልግ ፈቃድን መንሣት። የግል ሕይወቱን በጥብቅ የሚጠብቅ ሰው ተጨማሪ እርምጃ ቢፈልግ እረዳዋለሁ፤ ያንን የሚያደርገው ግን ባንኩን በያዘበት ስልክ አይሁን።

ሌላው ተቃውሞ "ዲሴብል ካልሠራ ፍላሽ ይደረግ" የሚል ነው። መገናኛ አካባቢ ካሉ የሞባይል መጠገኛ ሱቆች ብዙ ሥራቸውን አጥርተው የሚያውቁ ባለሙያዎች አሉ። ችግሩ ያለው በእጃቸው ሳይሆን በሚጫነው ፋይል ነው። ፍላሽ ማለት የስልኩን ሥርዓተ ክወና በሌላ መተካት ነው፤ ፋይሉ ከአምራቹ ካልመጣ በውስጡ ምን እንዳለ ደንበኛውም ጠጋኙም በዓይን አያየውም፤ ትሪያዳም የገባው እንዲህ ባለው ደረጃ ነበር። ስለዚህ ፍላሽ የሚያስፈልግ ከሆነ ፋይሉ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ፤ የአምራቹ የአገልግሎት ማእከል ካለ እዚያ ያስደርጉ። ስልኩን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው በኤዲቢ ትእዛዝ ከኢንተርኔት ያገኙትን ዝርዝር በጅምላ የሚያስወግዱም አሉ። ዝርዝሩ የተጻፈው ለሌላ ሞዴል ከሆነ ስልኩ አርማውን እያሳየ ሳይነሣ ሊቀር ይችላል። ለአሠራሩ እንግዳ ከሆኑ ይህ መንገድ የእርስዎ አይደለም።

ማጥፋቱን ከወሰኑ አንድ በአንድ ያጥፉ። የአፑን ሙሉ ስምና ቀኑን ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ሬስታርት ያድርጉና አንድ ሁለት ቀን ይጠቀሙበት፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ይለፉ። አሥር በአንድ ጊዜ አጥፍተው አንድ ነገር ቢበላሽ ጥፋተኛውን ለማግኘት አሥሩንም መመለስ ይኖርብዎታል። ፈተናው በእውን የሚሠሩበትን ሁሉ ይንካ፤ ይደውሉ፣ ይደወልልዎ፣ ቀሪ ሒሳብ በ*804# ይጠይቁ፣ የባንክ ማረጋገጫ ቁጥር በመልእክት መምጣቱን ይዩ፣ ቴሌብርን ከፍተው አነስተኛ ብር ይላኩ፣ በአማርኛ ይጻፉ፣ ፎቶ አንሥተው ጋለሪ ውስጥ ይፈልጉት። የደመወዝ ወይም የኪራይ መክፈያ ቀን ለዚህ አይመረጥም።

ከእነዚህ በተጨማሪ ስልኩ ያሉበትን ቦታ መለየቱን መፈተን ለየካ ሰው የተለየ ክብደት አለው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ ለሩጫ ወይም ለእግር ጉዞ የሚወጡ ከሆነ፣ ስልክዎ ያሉበትን ቦታ ማወቁን ከቤትዎ ሳይወጡ ያረጋግጡ። ጂፒኤሱ ያለ ኔትወርክም ይሠራል፤ ነገር ግን በባሕር ዛፉ ጥላ ውስጥ የመጀመሪያውን ቦታ ቶሎ የሚያገኘው ከስልክ ማማዎችና ከዋይፋይ የሚመጣው መረጃ ሲያግዘው ነው፤ ያንን የሚያቀናጀው ደግሞ ፕሌይ ሰርቪስስ ነው። ማፑን ይክፈቱ፣ የታክሲ አፑ ያሉበትን ቦታ በትክክል ማሳየቱን ይዩ። የድንገተኛ ቁጥሮችን፣ ፖሊስ 991ን፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907ን እና እሳትና ድንገተኛ 939ን ኮንታክት ውስጥ ያስቀምጡ እንጂ ለሙከራ አይደውሉባቸው፤ መደወያው መሥራቱን በሌላ ቁጥር ማረጋገጥ ይበቃል።

የሚቀረው ዲሴብል ያደረጉት ነገር ራሱ ተመልሶ ሲበራ፣ ወይም ያራገፉት አፕ ማንም ሳይጭነው ሲገኝ ነው። ይህ ከእንግዳ ስም ሁሉ የሚበልጥ የአደጋ ምልክት ነው። የሳይበር ደኅንነት ኩባንያው ካስፐርስኪ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ትንተና ኤክስ ሄልፐር በትሪያዳ በኩል ራሱን በስልኩ ሲስተም ውስጥ ስለሚጽፍ ፋክተሪ ሪሴት እንኳ እንደማያጠፋው አሳይቷል። እንዲህ ካጋጠመዎ ሲሙን አውጥተው ሌላ ስልክ ላይ ያድርጉ፤ የቴሌብርና የባንክ የይለፍ ቁጥርዎን ከዚያ ከሌላው ስልክ ይቀይሩ፤ ለኦፕሬተርዎ፣ ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ በ994፣ ደውለው ሳይጠይቁ የተመዘገቡባቸው አገልግሎቶች እንዲሰረዙ ያድርጉ። ስልኩ በአምራቹ ፋይል እስኪታደስ ድረስ ገንዘብ አያንቀሳቅሱበት።

ያገለገለ ወይም በዋጋው ከገበያው እጅግ የወረደ ስልክ ሲገዙ ደግሞ ምርመራውን ብሩን ከመክፈልዎ በፊት ያድርጉት። ካስፐርስኪ በ2025 እ.ኤ.አ. አዲስ የትሪያዳ ዓይነት የታዋቂ ሞዴሎች አስመስሎ በተሠሩ ርካሽ ስልኮች ላይ ማግኘቱን፣ ከ2,600 በላይ ተጠቃሚዎች መጎዳታቸውንና አብዛኞቹ በሩሲያ መሆናቸውን ገልጿል። ሱቁ ውስጥ ቆመው ፕሌይ ስቶርን ይክፈቱ፤ በፕሮፋይሉ በኩል ወደ ሴቲንግ፣ ከዚያ "አባውት" ወደሚለው ይግቡ። ስልኩ በፕሌይ ፕሮቴክት የተረጋገጠ መሆኑ እዚያ ይጻፋል። ካልተረጋገጠ፣ ሻጩ ምክንያቱን እስኪያስረዳዎ ድረስ አይክፈሉ።